ኩላሊትና የሰውነት ፈሳሽ ሚዛን፦ የሕክምና ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ትምህርት ከባድ የሚመስለው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንደ አንድ ሆነው ስለሚነገሩ ነው። ኩላሊት በሰውነት ውስጥ ያለውን የሶዲየም ብዛት ይቆጣጠራል፤ ከህዋስ ውጭ ያለው ፈሳሽ ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስነውም ይህ ብዛት ነው። ከዚያ ለይቶ ደግሞ ውሃን ይቆጣጠራል፤ በላብራቶሪ ወረቀት ላይ የምናነበው የሶዲየም ክምችት (በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው መጠን) የሚወሰነው በዚህኛው ሥራ ነው። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው ወደዚህ ልዩነት ይመለሳሉ።

በሰውነት ውስጥ ስንት ሊትር ውሃ አለ? የትስ ይገኛል?

70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወጣት ወንድ ከክብደቱ 60 በመቶው ውሃ ነው፤ ይህም 42 ሊትር ይሆናል። በሴቶች ወደ 50 በመቶ ይወርዳል፣ ስብ የሚይዘው ውሃ በጣም ጥቂት ስለሆነ። አዲስ በተወለደ ሕፃን ደግሞ 75 በመቶ ገደማ ነው። ከ42ቱ ሊትር ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 28 ሊትሩ፣ በህዋሶች ውስጥ ይገኛል። ቀሪው 14 ሊትር ከህዋስ ውጭ ነው፤ ከእሱም ውስጥ ፕላዝማ የሚሆነው 3.5 ሊትር ብቻ ሲሆን 10.5 ሊትሩ በህዋሶች መካከል ያለ ፈሳሽ ነው።

እነዚህን ክፍሎች የሚለዩ ሁለት ግድግዳዎች አሉ፤ ጠባያቸው ግን አንድ አይደለም። የህዋስ ሽፋን ውሃ ያሳልፋል፤ ሶዲየምን ግን ሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፑ ሦስት ሦስት እያደረገ ወደ ውጭ ይመልሰዋል፣ በምትኩ ሁለት ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። በዚህም የተነሳ ሶዲየም ውጭ 140፣ ውስጥ 12 ሚሊሞል በሊትር ገደማ ሲሆን ፖታሲየም በተቃራኒው ውጭ 4፣ ውስጥ 140 ገደማ ነው። የካፒላሪ (የቀጭኑ የደም ስር) ግድግዳ ደግሞ ውሃንም ሶዲየምንም ያሳልፋል፤ የሚያግደው ፕሮቲንን ነው። ስለዚህ ውሃ ወደ ህዋስ መግባት አለመግባቱን የሚወስነው ኦስሞላሊቲ፣ ማለትም በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ነገር ክምችት፣ ነው። ከፕላዝማ ወደ ቲሹ መውጣቱን የሚወስኑት ግን በካፒላሪው ውስጥ ያለው ግፊትና አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ናቸው። በፈተናም በአልጋ አጠገብም የሚታዩት ብዙዎቹ ስህተቶች እነዚህን ሁለት ግድግዳዎች ከማምታታት ይመጣሉ።

የፕላዝማ ኦስሞላሊቲን ለመገመት ሶዲየምን በ2 አባዙ፤ ግሉኮስን ለ18፣ የዩሪያ ናይትሮጅንን ለ2.8 አካፍላችሁ ደምሩበት (ሁለቱም በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲሆኑ)። ሶዲየም 140፣ ግሉኮስ 90፣ የዩሪያ ናይትሮጅን 14 ቢሆን 280 + 5 + 5 = 290 ይሆናል። ጤነኛው ወሰን ከ275 እስከ 295 ሚሊ ኦስሞል በኪሎ ግራም ነው። ዩሪያ የህዋስን ሽፋን ስለሚያልፍ በስሌቱ ውስጥ ቢገባም ውሃን ከቦታ ቦታ አይስብም።

በደም ምርመራ ሶዲየሙ ዝቅ ያለ ሰው ጨው አጥቷል ማለት ነው?

አይደለም። ከሁሉ በላይ ልትይዙት የሚገባው ነጥብ ይህ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ሶዲየም እንዳለ ይናገራል እንጂ በሰውነት ውስጥ በጠቅላላ ስንት እንዳለ አይናገርም።

ሦስት ታካሚዎችን ጎን ለጎን አስቡ፤ የሦስቱም ሶዲየም 125 ነው። የመጀመሪያው ለቀናት ተቅማጥና ትውከት ይዞት ውሃ ብቻ ሲጠጣ የቆየ ነው፦ ምላሱ ደርቋል፣ ሲቆም ያዞረዋል። ሁለተኛው የሳንባ ምች ያለበት ሲሆን ድርቀትም እብጠትም አይታይበትም። ሦስተኛው የልብ ድካም ታማሚ ነው፤ እግሩን በጣት ስትጫኑት ይጎደጉዳል። የመጀመሪያው በጠቅላላ ሶዲየሙ ቀንሷል። የሁለተኛው ከተለመደው ብዙም አልራቀም። የሦስተኛው ግን ከጤነኛ ሰው በላይ ሶዲየም ተሸክሟል። አንድ የሚያደርጋቸው ከሶዲየማቸው አንጻር ውሃቸው መብዛቱ ነው።

ሕክምናቸውም ለየቅል ነው። ለመጀመሪያው ኖርማል ሳላይን፣ ማለትም በደም ስር የሚሰጥ የጨው ውሃ፣ ይሰጠዋል። ለሁለተኛው የሚጠጣው ውሃ ይቀነስለታል። ለሦስተኛው ጨውም ውሃም ተቀንሶ ሽንት የሚያበዛው ፉሮሰማይድ ይታዘዝለታል። የሶዲየምን ብዛት ማወቅ የፈለገ ታካሚውን ይመርምር፦ የአንገት ደም ስር፣ እብጠት፣ ተኝቶና ቆሞ የሚለካ የደም ግፊት። የላብራቶሪው ቁጥር የሚናገረው ስለ ውሃ ነው።

ለሁለተኛው ታካሚ ኖርማል ሳላይን ብንሰጠውስ? የሳላይኑ ሶዲየም 154 ስለሆነ ከ125 ይበልጣል አይደል?

ይበልጣል፤ ይሁን እንጂ ሶዲየሙ የበለጠ ሊወርድ ይችላል። ይህ ታካሚ ኤዲኤች፣ ማለትም ኩላሊት ውሃ እንዲይዝ የሚያደርገው ሆርሞን፣ ያለቦታው እየመነጨበት ስለሆነ ሽንቱ የጠነከረ ነው፤ ኦስሞላሊቲው 616 ነው እንበል። አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን 154 ሶዲየምና 154 ክሎራይድ፣ በድምሩ 308 ሚሊ ኦስሞል ይይዛል። የዚህ ታካሚ ሶዲየም የመቆጣጠር ሥራ ጤነኛ ስለሆነ ኩላሊቱ የገባውን ጨው በሙሉ ያስወጣል። 308ቱን ለማስወጣት ግን በ616 ሲታሰብ የሚያስፈልገው ግማሽ ሊትር ሽንት ብቻ ነው። ጨው ሁሉ ወጣ፣ ውሃው ግማሹ ቀረ። የቀረው ግማሽ ሊትር ንጹህ ውሃ እንደጠጣ ይቆጠራል። ስለዚህ ፈሳሽ ከማዘዛችሁ በፊት የሽንት ኦስሞላሊቲ ጠይቁ።

ኩላሊት በቀን 180 ሊትር አጣርቶ 178ቱን የሚመልሰው ለምንድን ነው?

ሁለቱ ኩላሊቶች አንድ ላይ 300 ግራም ገደማ ቢመዝኑም ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛውን፣ በደቂቃ ከ1.1 እስከ 1.2 ሊትር፣ ይቀበላሉ። ከዚህ ውስጥ ፕላዝማው 600 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን 125 ሚሊ ሊትሩ ይጣራል። በቀን ሲሰላ 180 ሊትር ነው፤ ፕላዝማው በሙሉ 50 ጊዜ ያህል ይጣራል ማለት ነው።

መንገዱ ቤትን ለማጽዳት ዕቃውን በሙሉ ወደ ደጅ አውጥቶ የሚፈለገውን ብቻ መልሶ እንደማስገባት ነው። ሰውነት ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ትንሽ ሞለኪውል እንኳ ማጓጓዣ ሳያስፈልገው ይወጣል፤ የማይመለስ ነገር በራሱ ጊዜ ይወገዳልና። ዋጋው ግን ውድ ነው። በቀን የሚጣራው ሶዲየም 180 × 140፣ ማለትም 25,200 ሚሊሞል ነው። ከሚመለሰው ላይ 1 በመቶ ብቻ ቢጓደል በቀን 250 ሚሊሞል ያህል ተጨማሪ ይጠፋል፤ ይህም 1.8 ሊትር ከህዋስ ውጭ ያለ ፈሳሽ የሚይዘው ሶዲየም ነው። ኩላሊት ከሚጠቀመው ኦክስጅን አብዛኛውን ሶዲየምን ለመመለስ የሚያውለው፣ የደም አቅርቦት ሲጓደልም ቶሎ የሚጎዳው የተጣራው ፈሳሽ የሚያልፍበት ቱቦ የሆነው ለዚህ ነው።

የማጣራቱን ግፊት የሚቆጣጠረው ምንድን ነው? ኢቡፕሮፌንና ኢናላፕሪል ኩላሊትን የሚጎዱትስ እንዴት ነው?

ደም በሚጣራበት የካፒላሪ ጥቅል፣ ማለትም በግሎሜሩለስ፣ ውስጥ ያለው የደም ግፊት 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። ከዚህ ላይ የተጣራውን ፈሳሽ በሚቀበለው በቦውማን ከረጢት ውስጥ ያለው 18 እና የፕሮቲኖች ስበት 32 ሲቀነሱ 10 ይቀራል። ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራው ይህች 10 ናት። ጠጠር የሽንት መንገድን ሲዘጋ 18ቱ ይጨምራል፤ 10ሯም ቶሎ ታልቃለች።

ግሎሜሩለስን ከሌላው ካፒላሪ ሁሉ የሚለየው በመግቢያውም በመውጫውም ላይ አርቴሪዮል (ትንሽ አርተሪ) ያለው መሆኑ ነው። መግቢያው አፈረንት፣ መውጫው ኢፈረንት ይባላል። ለእያንዳንዱ መድኃኒት «የትኛውን በር ነካ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፕሮስታግላንዲን መግቢያውን ይከፍታል፤ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ይህን ያግዳሉ። አንጂዮቴንሲን 2 መውጫውን ያጠባል፤ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን መውጫውን ያላሉታል።

ጤነኛ ሰው አንዱን ብቻ ቢወስድ ብዙ ጊዜ ችግር አይታይበትም። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሽንት የሚያበዛውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ፣ ለጉልበቱ ሕመም ኢቡፕሮፌን የጨመረ፣ ከዚያ ተቅማጥ የያዘው ሰው ግን ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ያጋጥመዋል፦ ፈሳሹ ቀንሷል፣ መግቢያው ጠቧል፣ መውጫው ላልቷል። ግፊቱ የሚደገፍበት ምንም አይቀርም። እንዲህ ያሉ ታካሚዎች ትውከት ወይም ተቅማጥ ሲይዛቸው እነዚህን መድኃኒቶች ለጊዜው ስለማቆም ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ አስቀድሞ መንገር ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ቱቦው ራሱም ወደ ግሎሜሩለሱ ይመለከታል። ከሄንሌ ሉፕ (ወርዶ ታጥፎ ከሚመለሰው የቱቦ ክፍል) የሚወጣው ቱቦ ዞሮ በገዛ ግሎሜሩለሱ በሁለቱ በሮች መካከል ያልፋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ያሉት ህዋሶች ማኩላ ዴንሳ ይባላሉ። ብዙ ሶዲየም ክሎራይድ ሲደርሳቸው በአዴኖሲን አማካይነት መግቢያውን ያጠባሉ፤ ጥቂት ሲደርሳቸው አንጂዮቴንሲን 2 እንዲፈጠር የሚያደርገው ሬኒን እንዲወጣ ያደርጋሉ። እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ የስኳር ሕመም መድኃኒቶች ሲጀመሩ ጂኤፍአር (በደቂቃ የሚጣራው መጠን) ትንሽ የሚወርደው በዚህ መንገድ ነው፦ በመጀመሪያው የቱቦ ክፍል፣ በፕሮክሲማል ቱቦ፣ ላይ ያልተመጠጠው ሶዲየም ማኩላ ዴንሳ ይደርሳል፣ መግቢያው ይጠባል፣ በግሎሜሩለሱ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። ይህ ትንሽ መውረድ ብቻውን መድኃኒቱን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።

እያንዳንዱ የቱቦ ክፍል ምን ይሠራል?

ፕሮክሲማል ቱቦ ሸክሙን ይሸከማል። ከሶዲየሙና ከውሃው ሁለት ሦስተኛውን፣ ከባይካርቦኔቱ 80 በመቶ ያህሉን፣ ግሉኮሱንና አሚኖ አሲዱን ደግሞ በሙሉ ማለት ይቻላል ይመልሳል። ውሃና ጨው እኩል ስለሚሄዱ የፈሳሹ ኦስሞላሊቲ እዚህ አይለወጥም። የደም ግሉኮስ ከ180 እስከ 200 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲያልፍ ማጓጓዣዎቹ ይሞሉና ስኳር በሽንት ይታያል።

ወፍራሙ ወደ ላይ የሚወጣው የሄንሌ ሉፕ ክፍል ከሶዲየሙ 25 በመቶውን ይወስዳል፤ ውሃ ግን አያሳልፍም። ፉሮሰማይድ የሚሠራው እዚህ ነው። ከዚህ ክፍል የተመለሰ ፖታሲየም መልሶ ወደ ቱቦው ሲፈስ ቱቦው ውስጥ አዎንታዊ ቻርጅ ይፈጥራል፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም በዚያ ግፊት በህዋሶች መካከል ይገባሉ። ፉሮሰማይድ ካልሲየምና ማግኒዚየም የሚያስወጣው ለዚህ ነው።

ዲስታል ቱቦ 5 በመቶ ገደማ ይወስዳል፤ እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉት የታያዛይዶች ቦታ ነው። የመጨረሻው ክፍል ኮሌክቲንግ ደክት የሚነካው ከ2 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። ሆኖም የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው እሱ ነው፤ አልዶስትሮንም ኤዲኤችም የሚናገሩት ከእሱ ጋር ነውና።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ነገር አለ፦ ፉሮሰማይድ ይበልጥ ኃይለኛ ሆኖ ሳለ ሶዲየምን ይበልጥ የሚያወርደው ታያዛይድ የሆነው ለምንድን ነው? ፉሮሰማይድ የኩላሊት ውስጠኛው ክፍል፣ ማለትም ሜዱላ፣ ጨዋማ እንዳይሆን ስለሚያደርግ ኤዲኤች ቢኖርም ውሃ የሚስብ ኃይል አይኖርም። ታያዛይድ ሜዱላን አይነካም፤ ሽንትን የማቅጠን ችሎታን ብቻ ያዳክማል። ውሃው ይመጠጣል፣ ጨው ይወጣል።

ኤዲኤችና አልዶስትሮን ሁለቱም ፈሳሽ ይይዛሉ፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ኤዲኤች ውሃን ብቻ ይይዛል፤ አልዶስትሮን ሶዲየምን ይይዛል፤ ውሃውም ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ኤዲኤች ሲበዛ የሚለወጠው የሶዲየም ክምችት ነው፤ አልዶስትሮን ሲበዛ ግን የሚለወጠው የደም ግፊትና ፖታሲየም ሲሆን የሶዲየም ክምችት እምብዛም አይነቃነቅም።

የኤዲኤችን ሥራ ቀረብ ብላችሁ እዩት። በኮሌክቲንግ ደክት ህዋስ ውስጥ አኳፖሪን 2 የሚባሉ የውሃ በሮች በትናንሽ ከረጢቶች ታሽገው ይጠብቃሉ። ኤዲኤች በደም በኩል ባለው የህዋሱ ጎን መጥቶ ቪ2 ተቀባይ ላይ ሲያርፍ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይጨምራል፤ ከረጢቶቹ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሽንቱ በኩል ሄደው ከሽፋኑ ጋር ይዋሃዳሉ፤ በሮቹም ይከፈታሉ። በደም በኩል ያሉት አኳፖሪን 3 እና 4 ምንጊዜም ክፍት ስለሆኑ የገባው ውሃ በቀጥታ ያልፋል። ኤዲኤች ሲጠፋ በሮቹ ተመልሰው ይሰበሰባሉ። ፒተር አግሬ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተጋራው እነዚህን የውሃ በሮች በማግኘቱ ነው።

ኤዲኤችን የሚቀሰቅሰው በዋናነት ኦስሞላሊቲ ነው፤ 1 በመቶ ለውጥ ይበቃዋል። የደም መጠን ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲጎድል ደግሞ ኦስሞላሊቲው ምንም ይሁን ምን ይወጣል። ሰውነት ሁለቱ ትእዛዞች ሲጋጩበት ለደም መጠን ያደላል፤ የሶዲየም ክምችቱን መሥዋዕት አድርጎ ደሙን ይጠብቃል። ያ ተቅማጥ የያዘው የመጀመሪያው ታካሚ ሶዲየሙ የወረደው በዚህ ነው።

ሰው በቀን ቢያንስ ስንት ሽንት መሽናት አለበት?

በቀን 600 ሚሊ ኦስሞል ገደማ ቆሻሻና ጨው መውጣት አለበት። ጤነኛ ኩላሊት ሽንትን እስከ 1,200 ሊያጠነክር ስለሚችል 600 ለ1,200 ሲካፈል ግማሽ ሊትር ይሆናል። ችሎታው ተዳክሞ 300 ላይ የቀረ ኩላሊት ግን ለዚያው ሥራ 2 ሊትር ያስፈልገዋል። የቆየ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሌሊት እየተነሳ መሽናቱ ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱ የሆነው ለዚህ ነው።

ስሌቱ በሌላም አቅጣጫ ይሠራል። ሽንት ሊቀጥን የሚችለው እስከ 50 ስለሆነ 600 ሚሊ ኦስሞል ያለው ሰው እስከ 12 ሊትር ውሃ ማስወጣት ይችላል። ምግቡ በጣም አንሶ በቀን 250 ብቻ የሚያስወጣ ሰው ግን ከ5 ሊትር በላይ ማስወጣት አይችልም፤ ከዚያ በላይ ከጠጣ ኩላሊቱ ጤነኛ ሆኖም ሶዲየሙ ይወርዳል።

ድርቀትና የፈሳሽ መጠን መቀነስ አንድ አይደሉም እንዴ?

በዕለታዊ ንግግር አንድ ናቸው፤ በሕክምና ግን ይለያያሉ። ድርቀት የንጹህ ውሃ መጉደል ነው። ውሃ ከሦስቱም ክፍሎች ስለሚወጣ 1 ሊትር ሲጠፋ ፕላዝማ የሚያጣው 83 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የደም ግፊት እስከ መጨረሻው ይቆያል፣ የሶዲየም ክምችት ግን ከፍ ይላል፣ ታካሚውም ግራ ይጋባል። ተቅማጥ ወይም ደም መፍሰስ ሲሆን የሚጠፋው ጨውና ውሃ አንድ ላይ ነው። ኪሳራው በሙሉ ከህዋስ ውጭ ባለው ፈሳሽ ላይ ይወድቃል፤ 1 ሊትር ጨዋማ ፈሳሽ ሲጠፋ ከፕላዝማ 250 ሚሊ ሊትር ይሄዳል። ሶዲየም ላይለወጥ ይችላል፤ የልብ ምት ግን ይፈጥናል። ከመተኛት ወደ መቆም ሲሄድ ምቱ በደቂቃ 30 እና ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ወይም እያዞረው መቆም ካቃተው፣ ጉድለቱ ከባድ ነው። የቆዳ መሸብሸብ በአረጋውያን ላይ አያስተማምንም።

በደም ስር 1 ሊትር ስንሰጥ ፈሳሹ የት ይሄዳል?

ኖርማል ሳላይን፦ ሶዲየሙ ወደ ህዋስ ስለማይገባ ሊትሩ በሙሉ ውጭ ይቀራል። ከእሱ ሩቡ፣ 250 ሚሊ ሊትር፣ ፕላዝማ ውስጥ ይቆያል፤ ሦስት ሩቡ ወደ ቲሹ ይወጣል። ሪንገር ላክቴትም እንደዚሁ ነው ማለት ይቻላል፤ ሶዲየሙ 130፣ ክሎራይዱ 109፣ ፖታሲየሙ 4 ነው። ኖርማል ሳላይን ክሎራይዱ 154 ስለሆነ በብዛት ሲሰጥ ደምን አሲዳማ ያደርጋል። ሪንገር ላክቴት ውስጥ ያለው 4 ፖታሲየም ብዙዎችን ያስፈራል፤ ይሁንና ከደሙ በላይ ያልሆነ ክምችት የደሙን ፖታሲየም ከ4 በላይ ሊያወጣው አይችልም።

5 በመቶ ዴክስትሮስ፦ ግሉኮሱ ህዋስ ውስጥ ገብቶ ሲቃጠል የሚቀረው ንጹህ ውሃ ነው። 667 ሚሊ ሊትሩ ህዋስ ውስጥ ይገባል፤ ፕላዝማ ውስጥ የሚቀረው 83 ብቻ ነው። ደም ግፊቱ ለወረደ ሰው ዴክስትሮስ መስጠት የማይረባው በዚህ ምክንያት ነው።

በአፍ መውሰድ ለማይችል፣ ሌላ ኪሳራ ለሌለበት አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 1 ሚሊሞል ያህል ሶዲየምና 1 ሚሊሞል ያህል ፖታሲየም፣ እንዲሁም በጠቅላላ ከ50 እስከ 100 ግራም ግሉኮስ ይበቃል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 3 ሊትር ኖርማል ሳላይን ማዘዝ 462 ሚሊሞል ሶዲየም መስጠት ነው፤ የሚያስፈልገው 70 ሲሆን። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚታየው እብጠት አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

የወረደ ሶዲየምን በምን ፍጥነት እናርም?

መጀመሪያ ምልክቱን እዩ። ታካሚው እየተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ስቶ ከሆነ አንጎሉ አብጧል፤ መዘግየት አይገባም። 3 በመቶ ሳላይን 100 ሚሊ ሊትር በ10 ደቂቃ ይሰጣል፤ ካልተሻለው እስከ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ግቡ ሶዲየሙን ከ4 እስከ 6 ሚሊሞል ማሳደግ ነው፤ ያ ለአንጎሉ ይበቃዋል። በግምት ለእያንዳንዱ ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር 3 በመቶ ሳላይን ሶዲየምን በ1 ያህል ያሳድጋል።

ምልክቱ ቀላል ከሆነና ከ48 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ጠላታችሁ ፍጥነት ነው። አንጎል በሁለት ቀን ውስጥ ማዮኢኖሲቶል፣ ታውሪንና ግሉታሜትን የመሳሰሉ ሞለኪውሎችን ወደ ውጭ አስወጥቶ እብጠቱን ይቀንሳል። እነዚህን መልሶ ለማስገባት ቀናት ይፈጅበታል። የደሙን ሶዲየም ቶሎ ካሳደጋችሁት ውሃ ከአንጎል ህዋሶች ይወጣና የነርቭ ሽፋኑ፣ ማለትም ማየሊኑ፣ ይጎዳል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ ታካሚው ተሽሎት ከቀናት በኋላ መናገርና መዋጥ ያቅተዋል። ስለዚህ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሚሊሞል አትለፉ። የተጎሳቆለ፣ አልኮል የሚያዘወትር፣ የጉበት ሕመም ያለበት፣ ፖታሲየሙ ያነሰ ወይም ሶዲየሙ 105 እና ከዚያ በታች የሆነ ታካሚ ከሆነ ደግሞ ከ8 አትለፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሰጠውን ሳላይን እያሰላ ሽንቱን ሳያይ በመቅረቱ ነው። ያ ተቅማጥ የነበረበት ታካሚ ደሙ ሲሞላ ኤዲኤች በድንገት ይቆማል፤ ኩላሊቱ በሰዓት ብዙ መቶ ሚሊ ሊትር የቀጠነ ሽንት ማስወጣት ይጀምራል፤ ሶዲየሙም እናንተ ምንም ሳትሰጡት ይፈናጠራል። የሽንት ከረጢቱን በየሰዓቱ እዩ፤ ሶዲየሙን በየ4 ወይም በየ6 ሰዓቱ ለኩ። ሽንቱ በድንገት ከበዛ እንደ ኤዲኤች የሚሠራውን ዴዝሞፕሬሲንና 5 በመቶ ዴክስትሮስ ለመስጠት ተዘጋጁ። የምትሰጡት ፖታሲየምም ሶዲየምን ስለሚያሳድግ በስሌቱ ውስጥ ይግባ።

ሶዲየም ከፍ ሲልስ?

የጎደለውን ውሃ ለማስላት ጠቅላላ የሰውነት ውሃን (የሶዲየሙ ቁጥር ÷ 140 − 1) በሚለው አባዙ። 70 ኪሎ ወንድ ሶዲየሙ 160 ቢሆን 42 × 0.143፣ ማለትም 6 ሊትር ይጎድለዋል። ከቆየ በአንድ ቀን ሁሉንም አትመልሱ፤ ከ160 ወደ 150 ለማውረድ 3 ሊትር ገደማ ይበቃል፣ በላብና በትንፋሽ፣ በሽንትም የሚጠፋው ሲጨመርበት። ከሁሉ የተሻለው መንገድ በአፍ ወይም በአፍንጫ ቱቦ የሚሰጥ ውሃ ነው። ሶዲየሙ ይህን ያህል ከፍ ያለ ሰው ውሃ ያልጠየቀበትን ምክንያት ፈልጉ፤ ጥማት የሚሰማውና ውሃ የሚያገኝ ሰው እዚህ አይደርስም ማለት ይቻላል።

ክሬያቲኒን ጤነኛ ወሰን ውስጥ ከሆነ ኩላሊቱ ጤነኛ ነው?

አይባልም። ክሬያቲኒን ኩላሊት የሚያስወጣው ቆሻሻ ቢሆንም ከጡንቻ ስለሚመነጭ ጡንቻ ያነሰው ሰው ቁጥሩ ዝቅ ይላል። 80 ዓመት የሆናቸውን፣ 45 ኪሎ የሚመዝኑ እናት ውሰዱ፤ ክሬያቲኒናቸው 1.0 ነው። በኮክሮፍት-ጎልት ቀመር፦ (140 − 80) × 45 ÷ (72 × 1.0) = 37.5፤ ሴት ስለሆኑ በ0.85 ሲባዛ 32 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ይሆናል። እንደ ወጣት ሰው አንቲባዮቲክ ብታዙላቸው መጠኑ ይበዛባቸዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ጊዜ ነው። ጂኤፍአር ዛሬ ጠዋት ዜሮ ቢሆን ክሬያቲኒን በቀን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር እያለ ነው በደም ውስጥ የሚጨምረው፤ ማታ ላይ ቁጥሩ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ክሬያቲኒን እየተለወጠ ባለበት ጊዜ የትኛውም ቀመር አይሠራም። በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 መጨመሩ፣ ወይም በ7 ቀን ውስጥ ከመነሻው 1.5 እጥፍ መድረሱ፣ ወይም ሽንት ለ6 ሰዓት በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ0.5 ሚሊ ሊትር ማነሱ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ይባላል። ከ0.7 ወደ 1.0 የሄደ ቁጥር ወረቀቱ ላይ በቀይ አይጻፍም፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከሆነ ግን ጉዳት ነው።

ሽንቱ ያነሰው ደም ስላነሰው ነው ወይስ ቱቦው ስለተጎዳ?

የሽንት ሶዲየምና ክሬያቲኒን ላኩ፤ ከተጣራው ሶዲየም ስንት በመቶው በሽንት እንደወጣ ታሰላላችሁ። (የሽንት ሶዲየም × የደም ክሬያቲኒን) ÷ (የደም ሶዲየም × የሽንት ክሬያቲኒን) × 100። የሽንት ሶዲየም 20፣ የደም 140፣ የሽንት ክሬያቲኒን 100፣ የደም 2 ቢሆን 0.29 በመቶ ይሆናል። ከ1 በታች ከሆነ ቱቦው ጤነኛ ነው፤ ደም እንዳነሰው ተረድቶ ሶዲየም እየቆጠበ ነው። ከ2 በላይ ከሆነ ቱቦው መቆጠብ አቅቶታል። ፉሮሰማይድ የወሰደ ሰው ላይ ይህ አይሠራም፤ በዩሪያ የተሠራውን ስሌት ተጠቀሙ፤ ወሰኑ 35 በመቶ ነው።

ያበጠ ሰው ኩላሊቱ ጨው የሚይዘው ለምንድን ነው? ሞልቶ የለም?

ኩላሊት በጠቅላላ ያለውን ፈሳሽ የሚለካበት መሣሪያ የለውም። ዳሳሾቹ ያሉት በአንገትና በልብ አጠገብ ባሉት አርተሪዎች፣ እንዲሁም በአፈረንት አርቴሪዮል ላይ ነው፤ የሚለኩት የአርተሪው መሞላት ብቻ ነው። አብዛኛው ደም ግን በቬይን በኩል ነው። ልብ ሲደክም ወይም ጉበት ሲጠነክር አርተሪው ይጎድላል፤ ኩላሊትም ሰውዬው ደም የፈሰሰው መስሎት ጨው ይይዛል። እብጠት በእግር ላይ እስኪታይ ድረስ 2 ወይም 3 ሊትር ተከማችቷል።

ፈሳሽ እየተቀነሰለት ያለ ታካሚን በምን እንከታተል?

በክብደት። የገባና የወጣ ፈሳሽ መመዝገቢያ ቅጽ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በቆዳና በትንፋሽ በቀን የሚወጣው 700 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ አይጻፍበትም፤ ትኩሳት ሲኖርም ይጨምራል፤ የተደፋ ሽንትም አይመዘገብም። 1 ኪሎ 1 ሊትር ነው። በየጠዋቱ ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በዚያው ሚዛን፣ በዚያው ልብስ ይመዘኑ።

የጉበት ሕመም ኖሮበት ሆዱ ውሃ የቋጠረ፣ እግሩ ግን ያላበጠ ታካሚ በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ መቀነስ የለበትም፤ የሆድ ዕቃ ሽፋን ወደ ደም ሊመልስ የሚችለው ከዚያ ብዙም አይበልጥምና። እግሩም ያበጠ ከሆነ እስከ 1 ኪሎ ይቻላል። ከዚያ በላይ የሚወጣው ሽንት ከፕላዝማው ላይ የሚቀነስ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ክሬያቲኒኑ ሲጨምር ታዩታላችሁ።